የጓሮ እንቁላል ስንት ያስወጣል? አሥር ዶሮ ከመያዛችሁ በፊትና በኋላ የምትሠሩት ስሌት

«እንቁላል እንዲህ ከተወደደ ጓሮዬ ውስጥ አሥር ዶሮ ብይዝ አይሻለኝም?»

ደብረ ብርሃን ላይ ዶሮ እንዳለኝ የሰማ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ በስልክ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሊሻላችሁ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ አስሉ። አብዛኛው ሰው የጫጩቱን ዋጋና የእንቁላሉን ዋጋ ብቻ አይቶ ይገባበታል። ገንዘቡ የሚያልቀው ግን በሁለቱ መሀል ነው።

እዚህ የብር ዋጋ አልዘረዝርም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለፋሲካ ላይሠራ ይችላል። ዶሮ በቀን የምትበላው ግራም ግን ከገበያ ጋር አይወጣም፣ አይወርድም። ስለዚህ በኪሎ አስልቼ እሰጣችኋለሁ፤ እናንተ በሰፈራችሁ የመኖ ዋጋ አባዙት። ምሳሌዬ አሥር የሚጥሉ ዶሮዎች ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የባሕር ዛፍ አጠና፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሽቦ
- ሁለት ሦስት ጆንያ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ጭድ
- አንድ ረጅም መመገቢያና ሁለት መጠጫ
- ሁለት ወይም ሦስት የመጣያ ሣጥን (በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር)
- 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል
- አንድ ባዶ ጣሳ፣ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ
- 12 የ45 ቀን ጫጩት
- አንድ ኩንታል የቄብ (መጣል ያልጀመረች ዶሮ) መኖ መግዣ። ይህ ብር ጫጩቱን ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ይሁን።

1. መጀመሪያ ሩብ ኪሎዋን አስሉ

የ45 ቀን ጫጩት መጣል እስክትጀምር ሦስት ወር ተኩል ያህል ይቀራታል። በዚህ ጊዜ አንዷ 8 ኪሎ ገደማ ትበላለች። 12ቱ 96 ኪሎ ይበላሉ። በሌላ አነጋገር፣ አንድ እንቁላል ሳታዩ አንድ ኩንታል መኖ ያልቃል።

መጣል ከጀመረች በኋላ አንድ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች። አሥሩ በቀን 1.2 ኪሎ፣ በዓመት 438 ኪሎ። ከአሥር ዶሮ በቀን በአማካይ ስድስት እንቁላል ካገኛችሁ ለጓሮ ጥሩ ነው። በዓመት 2,190 ይሆናል።

አሁን ደምሩ። 96 እና 438፣ 534 ኪሎ። ለ2,190 ሲካፈል ለአንድ እንቁላል 244 ግራም ይደርሳል። በአጭሩ አንድ እንቁላል ሩብ ኪሎ መኖ ነው። ይህችን ነገር ያዟት። የሰፈራችሁን የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ለ4 አካፍሉ፤ የእንቁላሉ የመኖ ወጪ እሱ ነው።

መኖ ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወስዳል። ቀሪው ጫጩት፣ ቤት፣ ክትባት፣ ሰጋቱራና መብራት ነው። ስለዚህ ያገኛችሁት ላይ ግማሹን ጨምሩበት። ስሌቱ እንዲቀል ኪሎ መኖ 40 ብር ነው እንበል። የእንቁላሉ መኖ 10 ብር፣ ጠቅላላ ወጪው 15 ብር ይሆናል። ከሱቅ የምትገዙት ከዚህ ከረከሰ፣ መኖውን በሙሉ ገዝታችሁ አታተርፉም። የሚያዋጣችሁ ወይ የመኖውን ከፊል ከቤት ስታገኙ ነው፣ ወይ ብክነቱን ስትቀንሱ።

አያያዙ ሲበላሽ ምን እንደሚሆንም እዩ። ስድስቱ እንቁላል ወደ አራት ተኩል ከወረደ ሩብ ኪሎዋ ሲሶ ኪሎ ትሆናለች። ዶሮዎቹ እኩል ይበላሉ፣ የሚጥሉት ግን ያነሰ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህችን ሩብ ኪሎ ከፍ እንዳትል ለመያዝ ናቸው።

2. ቤቱን ጫጩት ከመምጣቱ በፊት ጨርሱ

ለአሥር ዶሮ 2 ካሬ ሜትር ወለል ይበቃል። ከዚያ ከጠበበ ይነካከሳሉ፣ ወለሉም ቶሎ ይረጥባል። ቆጡን ከመሬት ከፍ አድርጉ፤ ለእያንዳንዷ 20 ሴንቲ ሜትር ስጡ። የመጣያ ሣጥኑን ጨለምለም ያለ ጥግ ላይ አድርጉት። አንድ ሣጥን ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ ይሆናል። ሣጥን ካነሰ ወለል ላይ ይጥላሉ፣ እንቁላሉ ይሰበራል፣ የተሰበረውን የቀመሰች ዶሮ ደግሞ ያልተሰበረውንም መስበር ትማራለች።

ሽቦው ላይ አትቆጥቡ። ሽለምጥማጥ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ይገባል፤ በአንድ ሌሊት የሚገድለውም የሚበላውን ብቻ አይደለም። ጭልፊት ደግሞ ቀን ጫጩት ያነሣል። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በድንጋይና በጭቃ ዝጉ።

የቤቱን ወጪ ደብተር ላይ ስታሰፍሩ በአንድ ዓመት እንቁላል አታካፍሉት። ቤቱ አምስት ዓመት ቢቆይ አራት ዙር ገደማ ዶሮ ያሳድጋል። ይህ ወደ 9 ሺህ እንቁላል ነው። ለዚያ ስታካፍሉት ያስፈራችሁ ወጪ ትንሽ ይሆናል። በጥሩ እንጨትና ሽቦ መሥራት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

3. ጫጩት ስትገዙ ጾታና የክትባት ወረቀት እዩ

የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ጠንካራ ናት፣ ራሷን ትመግባለች። በግዢ መኖ ብቻ ልያዛት ካላችሁ ግን አታዋጣም። ለእንቁላል ብላችሁ ከሆነ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለ የእንቁላል ዝርያ፣ ወይም ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑትን ሳሶና ኮኮክ ውሰዱ። ሳሶ ገጠር ተለቆ መዋል ይስማማዋል። ቦቫንስ የበለጠ ይጥላል፣ መኖው ሲጓደል ግን ወዲያው ያስታውቅበታል።

የ45 ቀን ሳሶ ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይሸጣል። ሳታዩ 12 ብትወስዱ ግማሾቹ አውራ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ በአንድ እያነሣችሁ እዩ። በዚህ ዕድሜ የወንዱ አናት ላይ ያለው ሥጋ ከሴቷ ቀላና ተለቅ ይላል፤ እግሩም ወፍራም ነው።

አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም። ይህን ስናገር የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል እንዲያውም ሳይበላሽ ይቆያል። አንድ አውራ በዓመት ከ40 ኪሎ በላይ መኖ ይበላል፣ አንድ እንቁላል አይሰጣችሁም።

12 የምትገዙት አሥር ለማድረስ ነው። ሁለት ሊሞት ይችላል። አስቀድማችሁ ከቆጠራችሁት ኪሳራ መስሎ አያስደነግጣችሁም።

4. የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከብርድ ጠብቁ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ። አንድ የኅዳር ማለዳ የመጠጫውን ክዳን ስከፍት ውሃው ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው ዙሪያውን ቆመዋል፣ አንዷም አልጠጣችም። ውሃ ያልጠጣች ዶሮ አትበላም፤ ያልበላች አትጥልም። ከዚያ ወዲህ በውርጭ ወራት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ እሰጣለሁ።

ጫጩቶቹን በመጀመሪያው ሳምንት ጭድ በተጎዘጎዘበት ጠባብ ቦታ አሳድሯቸው። ሰፊ ቦታ ላይ ሲበርዳቸው አንድ ጥግ ላይ ይደራረባሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። ክብ አድርጋችሁ በካርቶን ብትከልሉላቸው ጥግ አያገኙም።

ማስጠንቀቂያ፦ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ጫጩቱንም እናንተንም።

ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ከሆናችሁ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። ሙቀት ሲበዛ ዶሮ መብላት ትቀንሳለች፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። መኖውን በማለዳና ወደ ማታ ስጡ። ውሃው ጥላ ሥር ይሁን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቀይሩት።

5. መኖውን በጣሳ ለኩ፣ መመገቢያውን ከፍ አድርጉ

ባዶ ጣሳ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። መኖ ሞልታችሁ አስመዝኑት፣ ክብደቱን ጣሳው ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሚዛን አያስፈልጋችሁም። በቀን ስንት ጣሳ እንደሰጣችሁ መጻፍ ብቻ ነው። «በእጄ እየዘገንኩ» ያለ ሰው ወጪውን አያውቀውም።

ይህን ያስተማረኝ መጥረጊያ ነው። አንድ ቀን ከመመገቢያው ሥር ያለውን ጠርጌ፣ ወንፍቼ መዘንኩት። የአንድ ሳምንቱ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ነበር። አንድ ኪሎ ማለት አራት እንቁላል ነው። ዶሮዎቹ ስላልፈለጉት አይደለም፤ መመገቢያው መሬት ላይ ስለነበረ በእግራቸው እየጫሩ ይበትኑት ነበር። አሁን የመመገቢያው ጠርዝ ከዶሮዋ ጀርባ እኩል እንዲሆን በሽቦ ሰቅዬዋለሁ። ሲሶውን ብቻ እሞላዋለሁ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በምንቃራቸው ያፈሱታል።

መጣል ሲጀምሩ ከቄብ መኖ ወደ እንቁላል ጣይ መኖ አዙሯቸው። ልዩነቱ በዋናነት ካልሲየም ነው። የጣይ መኖ ውስጥ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለ፤ ቅርፊት የሚሠራው እሱ ነው። ቶሎ አትቀይሩ፤ ለቄብ ይህ መጠን ለኩላሊቷ ይከብዳል። ቤት የተሰበሰበ የእንቁላል ቅርፊት ካላችሁ አድርቃችሁ፣ አድቅቃችሁ ጨምሩበት። ቅርጹ እንዳለ አትስጡ፣ እንቁላል መስበር ትለምዳለች።

ወጪ ለመቀነስ ራሳችሁ የምታደባልቁ ከሆነ በቆሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር ይሠራሉ። አኩሪ አተሩ ይቆላ። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ ብራችሁን ታወጣላችሁ፣ ዶሮዋ አትጠቀምበትም። ከቤት የጎመን ቅጠል፣ የተረፈ እንጀራ፣ የእህል ጥራጊ ስጡ። አተላ በጣም ጥቂት ከሆነ ግድ የለም። ሆዷን በእርጥብ ነገር ከሞላች ግን የሚያስጥላትን መኖ መብላት ትተዋለች።

ማስጠንቀቂያ፦ የሻገተ በቆሎ «ለዶሮ ይሆናል» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። አትግዙ። የሻጋታው መርዝ ጉበቷን ይጎዳል። ጨው የበዛበት ወጥም አትስጡ።

6. ክትባቱን ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ

አንድ የፈንግል ክትባት ብልቃጥ ከአሥር ዶሮ ለሚበልጥ የተዘጋጀ ነው። ከተከፈተ በኋላ አይቆይም፤ በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ብቻችሁን ከገዛችሁ አብዛኛውን ትደፋላችሁ። አምስት ስድስት ጎረቤት በአንድ ቀን አስከትቡ። ወጪው ይከፋፈላል፣ በሽታው ከአጥር ወዲያም አይጠብቃችሁም።

ክትባቱ በውሃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውሃ እንዳለ አትጠቀሙ። ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ አዘጋጁ። ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት ያህል አስጠምታችሁ ስጡ፤ ሁሉም ቶሎ እንዲጠጡት ነው። ክትባቱን ስታመጡ በበረዶ ይሁን፤ የሞቀ ክትባት ውሃ ማለት ነው። መቼ እንደሚደገም የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁና ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ለገና አውራ ገዝቼ «ለሦስት ቀን ምን ይሆናል» ብዬ ከዶሮዎቼ ጋር ያሳደርኩበት ዓመት ነበር። በሳምንቱ አንዷ አንገቷን አጣመመች፣ ኩሷ አረንጓዴ ሆነ። ከዘጠኝ ዶሮ ሁለት ተረፉልኝ። የክትባት ቀኑን አሳልፌው ነበር። የዚያን ዓመት የአንድ እንቁላል ዋጋ አስልቼ መጨረስ አልቻልኩም።

ከገበያ የመጣ ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ለበዓል የሚታረድ ከሆነ ጨርሶ አታቀላቅሉት። መድኃኒት ከሰጣችሁም ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉን አትብሉ፣ አትሽጡ። ያም ወጪ ነው፤ ጻፉት።

7. ወለሉ ደረቅ ይሁን፣ ብርሃኑ ይጨመር

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰጋቱራው ይረጥባል። እርጥብ ወለል ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ የሚራባበት ነው። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ አገላብጡት፣ መጠጫው ሥር የረጠበውን አውጡ። የወጣውን ኩስ ጥግ ላይ ከምሩት፤ ለወራት ከበሰበሰ በኋላ ለጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ካደረጋችሁበት ተክሉን ያቃጥለዋል።

ዶሮ እንድትጥል የሚቀሰቅሳት የቀን ርዝመት ነው። የእኛ ቀን 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ብታገኝ የተሻለ ትጥላለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አምፖሉን አብሩ። 5 ዋት አምፖል በወር ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ለቄብ ግን አታብሩ፤ ሰውነቷ ሳይደርስ መጣል ትጀምርና ትጎዳለች። መብራት በየቀኑ የሚጠፋ ከሆነም ይቅር። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም የሚሆን ብርሃን መጣሉን ያዛባዋል።

8. የጾሙን ወራት በስሌቱ ውስጥ አስገቡ

የምትሸጡ ከሆነ ይህን አትዝለሉት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት አሥር ዶሮ 66 ኪሎ ይበላሉ፣ 330 ያህል እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚገዛው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ደግሞ የነቢያት ጾም አለ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ። ረቡዕና ዓርብም አሉ።

እንቁላል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ሳይታጠብ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ተደርጎ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። አትጠቡት፤ የቅርፊቱን መከላከያ ታነሡበታላችሁ። የሕማማትንና የቀደመውን ሳምንት ለፋሲካ አቆዩ። የቀረውን ለሙስሊም ጎረቤቶችና ለምግብ ቤቶች አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ከሳምንት በላይ አታቆዩ፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል።

ጫጩት የምትገዙበትን ወርም በዚህ ወስኑ። ግንቦት መጨረሻ የገዛችኋት መስከረም አጋማሽ ላይ ትጀምራለች፣ እስከ ኅዳር 14 ጥሩ ገበያ አላት። ታኅሣሥ መጨረሻ የገዛችኋት ለፋሲካ አካባቢ ትደርሳለች። ደጋ ላይ ለሆነ ሰው ግንቦትን እመርጣለሁ። ዝናቡን በጣሪያ ትከላከሉታላችሁ፣ ውርጩ ግን ይከብዳል። ቆላ ከሆናችሁ ታኅሣሥ ይሻላችኋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- የመኖ ብር ሲያልቅ ለሳምንት ፉርሽካ ብቻ መስጠት። ዶሮዋ መጣል ታቆማለች፤ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅባታል። ብር ካጠራችሁ ሁለት ዶሮ ሽጡና የቀሩትን በደንብ መግቡ።
- ቤተሰብ የበላውን እንቁላል አለመጻፍ። ከዚያ «አከሰረኝ» ይባላል። የተበላውም በገበያ ዋጋ ይጻፍ።
- በስድስት ወር ተስፋ ቆርጦ መሸጥ። ወጪውን ሁሉ ከፍላችሁ፣ ገቢው ሲጀምር ለሌላ ሰው ሰጣችሁ ማለት ነው።
- ስለምንወዳት ብቻ የማትጥል ዶሮ ማቆየት።

9. የማትጥለውን በጣታችሁ ለዩ፣ በበዓል ሽጡ

እንቁላሉ ሲቀንስ ሁሉንም አትውቀሱ። ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ አንድ በአንድ ያዟቸው። ከመውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ሹል አጥንቶች አሉ። በመሀላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው። አንድ ጣት ብቻ ከሆነ፣ መውጫዋም ደርቆ ከጠበበ፣ አቁማለች። እግሯ ላይ ክር አስሩና ከሳምንት በኋላ ድገሙት። አሁንም እንደዚያው ከሆነች በየቀኑ 120 ግራም በከንቱ እየበላች ነው።

አንድ ዓመት ገደማ ከጣሉ በኋላ ላባቸውን ይጥላሉ፣ ለሁለት ሦስት ወርም እንቁላል ያቆማሉ። አሥር ዶሮ በሁለት ወር 72 ኪሎ መኖ ይበላሉ። ስለዚህ ላባ ሳይጥሉ፣ ገና፣ ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሽጧቸው። የሸጣችሁበትን ከጠቅላላ ወጪው ቀንሱ፣ የቀረውን ለሰበሰባችሁት እንቁላል አካፍሉ። የመጣውን ቁጥር ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት፤ ቀጣዮቹን 12 ጫጩቶች ስትገዙ ከሱቁ እንቁላል ጋር የምታስተያዩት እሱን ነው።